ጢም ያበቀለው አስፋልት

አቃቂ ውስጥ መንገድን የሚያከብር ሰው አልነበረም። ከተማችን የባቡር ልጅ ናት፤ መጀመሪያ ጣቢያው መጣ፣ ከዚያ ፋብሪካዎቹ፣ ከዚያ እኛ። አስፋልቱ ሐዲዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ሰንሰለት እየዘረጉ መኪና የሚያስቆሙት ሽማግሌ ጠባቂ፣ መኪና ሁሉ የማይረባ ዘመድ ይመስላቸው ነበር። ሾፌሮቹ ጥሩምባ ሲያበዙባቸው ቀዩን ባንዲራ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ "ጩህ፤ ባቡሩ ካላለፈ አታልፋት። መንገድ ማለት ብረት ነው፤ የአንተ የደረቀ ጭቃ ነው" ይሏቸዋል።

ሽማግሌው ብዙም አልተሳሳቱም። ከጨርቅ ፋብሪካው በር እስከ ሐዲዱ ያለው አስፋልት በበጋ ያልበው ነበር። ሬንጁ በፀሐይ ቀልጦ ከጠጠሩ ይለይና ወደ ላይ ይወጣል፤ የሰው ጫማ ይይዛል፤ የጥጥ ጭነት የጫኑት ተሳቢዎች ደግሞ በለሰለሰው ላይ እየተመላለሱ ሁለት ቦይ ይቀዱበታል። ክረምት ሲገባ ቦዮቹ ይሞላሉ። የሰፈር ልጆች ከፋብሪካው በር የለቀቁት የወረቀት ጀልባ እስከ ሐዲዱ ድረስ ሳይሰጥም ሲደርስ አይቻለሁ። የመንገድ ሥራ ሰዎች በየዓመቱ ይመጡና ቦዩን በጠጠር ሞልተው ይሄዳሉ፤ በየዓመቱም ተሳቢዎቹ ጠጠሩን አውጥተው ለመንገዱ ዳር ይመልሱታል።

እናቴ ከሐዲዱ ዳር ባለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ገመድ ትፈትል ነበር። ቀበሌው ያደራጀው የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት። ጥሬ ዕቃው ሩቅ አልነበረም። ቃጫ በሐዲዱ ግራና ቀኝ እንደ አጥር ቆሞ፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ተስሎ፣ ማንም ሳያጠጣው ይበቅላል። ሴቶቹ ቅጠሉን ቆርጠው ይፍቁታል፤ ከውስጡ የሚወጣውን ነጭ ጭረት አጥበው ሽቦ ላይ ያሰጡታል፤ ከዚያ ውሃ እያርከፈከፉ ጭናቸው ላይ ያጠነጥኑታል። የአቃቂ በሬ፣ የአቃቂ አህያ፣ የአቃቂ ባልዲ ሁሉ በእናቴና በጓደኞቿ ገመድ ነበር የሚታሰረው። እኔ ቅጠል ተሸካሚ ነበርኩ። የቀረውን ጊዜዬን ግጥም ስጽፍ አሳልፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጭቃ ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የማውቀው ወሬ መጨረሻ የለውም፤ መጨረሻውን የአልጋው ራስጌ ጋርዶታል።

ከዚያ ናይለን ገመድ መጣ። ሰማያዊ ነው፣ ቀላል ነው፣ አይበሰብስም። የመጣውም በባቡር ነው፤ እናቴ ከምትፈትልበት መስኮት ፊት ለፊት፣ እያየችው አለፈ። ከሁለት ገበያ በኋላ የቃጫ ገመድ የሚገዛ ሰው የሚያሳዝን ሰው ሆነ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጋዘኑ ድረስ መጣና፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ማኅበሩ አዲስ ደንበኛ ካላገኘ እንደሚዘጋ፣ መጋዘኑም የውይይት ክበብ እንደሚሆን ነገራቸው።

"ስለምን ልትወያዩበት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር?" አለችው እናቴ።

"ስለ ሥራ ጥቅም" አላት።

ሴቶቹ ማታ ማታ ከመጋዘኑ ሲወጡ የበሩን ጉበን እየዳሰሱ መውጣት ጀመሩ። ብዙዎቹ ባል የሞተባቸው ወይም ባቡር ተሳፍሮ የቀረባቸው ናቸው፤ ከዚያ በር ሌላ የሚገቡበት በር አልነበራቸውም።

በዚህ መሃል ነው ኢንጂነሩ የመጣው። ከመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ውጭ አገር ተምሮ በቅርቡ የተመለሰ፣ ኪሱ ሙሉ ብዕር የሆነ ቀጭን ልጅ ነው። ሐዲዱ ዳር ቆሞ ቦዩን አየና ቃጫውን አየ፤ ቃጫውን አየና መጋዘኑን አየ። ከዚያ በኋላ ሳቁን መሰብሰብ አልቻለም። መጋዘኑ ገብቶ በሴቶቹ መሃል ቁጢጥ አለ።

"እማማ፣ ሬንጅ ብቻውን ሲሞቅ ይፈስሳል" አላት እናቴን። "በመሃሉ ቀጭን ጭረት ከገባበት ግን ጭረቱ ይይዘዋል። አያልበውም፤ ጎማ ቦይ አያወጣበትም። ሌላ አገር በዚህ ይሠሩታል፤ እኛ ደግሞ ጭረቱ ደጃችን ላይ በቅሎ ገመድ እናደርገዋለን።"

ሴቶቹ ተያዩ። ከመካከላቸው ትልቋ ከአቃቂ ጀርባ ካሉት የገበሬ መንደሮች የመጡ፣ በምርጊት የታወቁ ሴት ናቸው፤ ሠርግ የደገሰ ሰው ቤቱን የሚያስመርገው እሳቸውን ጠርቶ ነው። ቃጫቸውን ከጭናቸው ላይ አነሱና፣ "ይሄ ጉርባ የሚለው ጭድ ነው" አሉ። ጉርባ በእሳቸው ቋንቋ ጎረምሳ ማለት ነው። "ጭቃ ብቻውን ይሰነጠቃል፤ ጭድ ከገባበት ይያያዛል። ሬንጁ ጭቃ፣ ቃጫው ጭድ።"

ኢንጂነሩ ደስታው ፊቱን ሞላው። ትምህርት ቤት ያሉት መምህሮቹ በብዙ ሰሌዳ ያስረዱትን ሴትዮዋ በአንድ አፍ ጨረሱት። "ልክ እንደዚያ ነው፣ እማማ። እንደ ምርጊት ነው። ብቻ አጭር አድርጋችሁ ቁረጡት፤ የአውራ ጣት አንጓ ያህል።"

"አጭር ጭድ ለልስን ነው" አሉ እሳቸው፤ ተስማሙ።

ያ ጨዋ ልጅ አክብሮ የተናገራት "እንደ ምርጊት ነው" የምትል ቃል አቃቂ ውስጥ ምን እንደምትሠራ አላወቀም። አቃቂ ውስጥ ጭቃ ያላቦካ ሰው የለም። ሁላችንም ባለሙያ ነን፤ ሊቀመንበሩም ጭምር። በማግስቱ ቧንቧ ዳር ወረፋ የያዘ ሰው ሁሉ ስለ አስፋልት ያስረዳ ጀመር። ሽማግሌው ጠባቂ ብቻ አልተዋጠላቸውም።

"በባቡር ዘመን ሰው ወደ ጭድ ይመለሳል?" አሉኝ።

"ጭድ አይደለም አባባ፣ ቃጫ ነው።"

"ያው ነው። በሬ ይበላዋል?"

"አይበላውም።"

"እንግዲያው ከጭድም ያንሳል።"

ሊቀመንበሩ ግን ነገሩን ወደደው። መጀመሪያ ክበቡ የሚቀርበት መስሎት ፊቱን አጥቁሮ ነበር፤ ኋላ ግን በበላይ አካል ፊት አዲስ ነገር ማሳየት ከክበብ እንደሚበልጥ ገባው። ከፋብሪካው በር እስከ ሐዲዱ ያለው መንገድ በቃጫ አስፋልት እንዲሠራ፣ ሥራውም በሕዝብ ፊት በክብር እንዲጀመር ወሰነ። ለእናቴ የተናገረው ግልጽ ነበር፤ መንገዱ ከሠመረ ማኅበሩ የአገሩ አስፋልት ቃጫ ቆራጭ ይሆናል፤ ካልሠመረ መጋዘኑ ክበብ ነው።

እኔም ተጠራሁ። "አንተ ትገጥማለህ አሉ" አለኝ።

"እሞክራለሁ።"

"አትሞክር፤ ግጠም።"

ገጠምኩ። ሁለት መስመሩን እስካሁን አልረሳሁትም፦

ገመድ የሚፈትል የእናቴ መዳፍ፣
ጠጠር አስተሳስሮ ያደርሰናል ከጫፍ።

ሊቀመንበሩ አነበበውና "የእናቴ" የሚለውን በቀይ ሰረዘ። "አንድ ግለሰብ ጎልታለች" አለ። በምትኩ "የተደራጀው ሰፊ ሕዝብ" የሚል አስገባበት። መስመሩ በአንድ እግሩ ማንከስ ጀመረ። ቤት አይመታም፣ ልክ አይሰጥም ብዬ ላስረዳው ስሞክር፣ "ሕዝብ ልክ የለውም" አለኝ። ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ።

እናቴ በሕይወቷ እንደዚያ ሰሞን ስትሠራ አላየኋትም። ቃጫው እኩል እንዲቆረጥ ለእያንዳንዷ ሴት አንጓ የሚለካ የቀንበጥ ቁራጭ ሰጠች። የተዛነፈውን ትጥላለች፤ የጠቆረውን ትጥላለች። የመኖሪያ ቤታችንን በር እንደዚያ አጥርታ ጠርጋው አታውቅም። ሥራው ሊጀመር ዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተቆርጦ፣ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ጥጥ ተቆልሎ ሳለ፣ ምርጊት አዋቂዋ አንድ ጭብጥ አነሱና ጣታቸው መሃል አሹት። ተንኮሻኮሸ።

"ሻከረ" አሉ።

"ደርቆ ነዋ" አለች እናቴ።

"እንዲህ ሆኖ ከጭቃው ጋር አይዋሃድም። ጭድ ሳይሰነብት ይመረጋል እንዴ?"

የማያውቅ ሰው ካለ ላስረዳው። ጭቃ ቤት የሚመርግ ሰው ጭዱንና አፈሩን በውሃ አቡክቶ ያሰነብተዋል። ጭዱ ይለሰልሳል፣ ይብላላል፣ እስኪከረፋ ይቆያል፤ ሲከረፋ ደረሰ ይባላል። ያልከረፋ ምርጊት የለግመኛ ሥራ ነው፤ ክረምት ሳይወጣ ከግድግዳው ላይ ይረግፋል፤ ሴትዮዋም ስሟ ይጠፋል። ገመድም ቢሆን ያው ነው፤ ደረቅ ቃጫ ሲፈትሉት ይሰበራል፤ ውሃ ይፈልጋል። በሁለቱም ሙያ በኩል ደረቅ ቃጫ ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነበር። ኢንጂነሩ ደግሞ ቃጫው ደረቅ ይሁን ብሎ አልተናገረም። ማን ይናገራል? ለእሱ፣ የፈላ ሬንጅ ውስጥ እርጥብ ነገር አታስገቡ ማለት፣ እሳት ላይ አትቀመጡ እንደማለት ነው። እሱ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው መሰለው፤ እነሱም የሚያውቁትን እሱ የሚያውቀው መሰላቸው።

እናቴ የመጋዘኑን በርሜሎች በሙሉ ከቧንቧው አስሞላች። ውሃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ቃጫው እስኪነጋ ጠጥቶ አደረ፤ ጠዋት አንጠፍጥፈው በጆንያ ጠቀጠቁት። ለስላሳ ሆነ፤ እንደ ሕፃን ፀጉር። ሴቶቹ ነጭ ለብሰው ጆንያዎቹን ደርድረው ጠበቁ።

ለክብረ በዓሉ ድንኳን ተጣለ። ከበላይ አካል የመጡ እንግዶች ጥቁር መነጽር አድርገው ከፊት ተቀመጡ፤ እግራቸው ሥር ምንጣፍ ተነጥፎላቸዋል። ከድንኳኑ ወዲያ ማዶ ሬንጅ የያዘ ትልቅ በርሜል ከሥሩ የባሕር ዛፍ ግንድ ይነድበታል። ኢንጂነሩ ቃጫውን መጀመሪያ ከጋለው ጠጠር ጋር ሊያደባልቀው ነበር፤ ሊቀመንበሩ ግን "ጠጠር ውስጥ ከገባማ አይታይም፤ እንግዶቹ ቃጫውን ከሬንጁ ጋር ሲገናኝ ማየት አለባቸው" ብሎ በቀጥታ በርሜሉ ውስጥ እንዲጨመር አዘዘ። ልጁ ተከራከረ፤ ሊቀመንበሩ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ እንግዶቹ አዙሮ አስተዋወቀው፤ ክርክሩ በመጨባበጥ አለቀ።

እኔ ወረቀቴንና ማይክሮፎኑን ይዤ መድረክ ላይ ወጣሁ። ግጥሙን ስጀምር ሁለት ሠራተኞች የመጀመሪያውን ጆንያ በርሜሉ ውስጥ ገለበጡት።

መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ በርሜሉ ከሆዱ አጉረመረመ። ሬንጁ ወተት ሲገነፍል እንደሚነሳው ተነሳ፤ ጥቁር አረፋ ሆኖ፣ አረፋው አረፋ እየወለደ፣ ከንፈሩን አልፎ በጎኑ መውረድ ጀመረ። እሳቱ ላይ ሲደርስ ጢሱ ድንኳኑን ሞላው። ሠራተኞቹ ዘለው ራቁ፤ ደግነቱ ማንም አልተነካም። ግጥሜን አቆምኩ። ሊቀመንበሩ በእጁ ቀጥል አለኝ። ጠጠር አስተሳስሮ አልኩ። አረፋው ወደ ምንጣፉ መጣ። ያደርሰናል ከጫፍ አልኩ። እንግዶቹ እግራቸውን ወደ ወንበራቸው ሰበሰቡ፤ የተደራጀው ሰፊ ሕዝብ ሸሸ።

ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደ። ሳል ትንሽ ያዘውና፣ "የተከበራችሁ እንግዶች፣ የምታዩት የአገራችን ቃጫ ኃይል ነው" አለ። "የውጭው ሬንጅ እንኳ አልቻለውም።"

አጨበጨቡ። ምን ያድርጉ፤ መነጽር አድርገዋል፣ ጢስ ውስጥ ናቸው፣ ንግግሩም አልቋል።

የቀረው ሬንጅ ከቀረው ቃጫና ጠጠር ጋር እንደምንም ተቀላቅሎ ተደለደለ፤ መዳመጫው ሄደበት፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ፎቶ ተነሳ። መንገዱ ጥቁር ነው፤ ግን ቃጫው እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። ሽማግሌው ጠባቂ ሰንሰለታቸውን ይዘው መጡ፤ ጎንበስ ብለው አዩት።

"ጢም አብቅሏል" አሉ። "ዕድሜው ይሆናል።"

እንግዶቹ ሲሄዱ ኢንጂነሩ ያልተከፈተ ጆንያ አጠገብ ተቀመጠ። እጁን አስገብቶ ቃጫ አወጣና ጨመቀው። ውሃ ጫማው ላይ ተንጠባጠበ።

"እማማ" አላት እናቴን፣ "ይሄ እርጥብ ነው።"

"ታዲያ ደረቅ ልስጥህ፣ ልጄ?" አለች። "ደረቁ ይሻክራል።"

ቃጫውን ወደ ጆንያው መለሰ። "የፈላ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ቢልብዎት ምን ይሆናል?"

እናቴ ወደ በርሜሉ ዞረች፤ ከበርሜሉ ወደ ጆንያዎቹ፤ ከጆንያዎቹ ወደ መጋዘኑ በር። ፊቷ ላይ አመድ ወረደ። "ሽንኩርት ያልጠበስኩ አስመስለህ አትጠይቀኝ" አለች ቀስ ብላ። "ምርጊት ነው አልከን።"

"ምርጊት ነው አልኩ" አለ እሱም።

ከዚያ ምርጊት አዋቂዋ ጣልቃ ገቡ። "ጥፋቱ የኔ ነው። አሰንብቱት ያልኩ እኔ ነኝ።" ማንም ጥፋቱን ሊካፈላቸው ቢሞክርም አልሰጡም፤ እንደ ሙያ ያዙት።

ክረምቱ ገና ሳያጋምስ መንገዱ ይላጥ ጀመር። በውስጡ የቀረችው እንፋሎት ሬንጁን እንደ ስፖንጅ አድርጋው ኖሮ ውሃ ይጠጣል፤ ጎማ በረገጠው ቁጥር ቁራሽ ይነሳል። ከጎማው ጋር የተጠቀለለ ቃጫ ይዞ የሚሄድ ተሳቢ ሳሪስ ድረስ ታየ ተባለ። አንድ ጠዋት ደግሞ የሰፈሯ ፍየል መሃል መንገድ ቆማ፣ ከአስፋልቱ የወጣ ቃጫ በጥርሷ ይዛ ስትጎትት ሽማግሌው ጠሩኝ። "ና ግጠምላት" አሉኝ። "መንገድ የሚበላ መንግሥት አይቻለሁ፤ መንገድ የምትበላ ፍየል ግን ዛሬ ነው ያየሁ።"

እኛ ቤት ግን አይሳቅም ነበር። እናቴ የመጋዘኑን ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሊቀመንበሩ ልኮ የሚያስወስድበትን ቀን ትጠብቃለች።

ስብሰባ ተጠራ። ሁላችንም የማኅበሩን ለቅሶ ልንቀመጥ ገባን። ሊቀመንበሩ ተነሣና የቃጫ አስፋልት ሥራችን ሙሉ በሙሉ የተሳካ መሆኑን ለበላይ አካል እንዳሳወቀ፣ የበላይ አካልም ምስጋና እንደላከ፣ ስለዚህ ማኅበሩ ቃጫ መቁረጡን እንዲቀጥል መወሰኑን ነገረን። ደጅ ላይ ዝናቡ ከተሳካው መንገድ ቁራሽ እያነሳ ወደ ወንዝ ይወስዳል።

ኢንጂነሩ እጁን አወጣ። "ሁለተኛ ሙከራ እንድናደርግ እጠይቃለሁ። ቃጫው ደርቆ።"

"የመጀመሪያው ተሳክቷል፣ ጓድ ኢንጂነር።"

"መንገዱ እኮ እየፈረሰ ነው።"

"የተሳካ ነገር ለምን ይደገማል? የሚደገመው የወደቀ ነው፤ የወደቀ ነገር ደግሞ የለንም።"

እናቴ የፈለገችውን አገኘች፤ መጋዘኑ ተረፈ። ሴቶቹ ቁልፉን ሲያዩ እልል አሉ። እሷ ግን አልደላትም። በየቀኑ ቃጫ ይቆረጣል፣ ጆንያ ይሞላል፣ ጆንያ ላይ ጆንያ ይጫናል፤ ማንም አይወስደውም። መንገዱ ተሳክቷልና ሌላ መንገድ አይሠራም። የአንጓ ያህል የተቆረጠ ቃጫ ደግሞ ገመድ አይሆን። አንድ ቀን የቀንበጥ መለኪያዋን ጣለችና፣ "ለማን ነው የምቆርጠው?" አለችኝ። "ሰው ገመድ ባይገዛኝ በገበያ ተሸነፍኩ እላለሁ። ይሄ ምን ይባላል?"

"ሥራ" አልኳት።

"አንተ ልጅ፣ ግጥምህን ለሌላ። ሂድ፣ ያንን ኢንጂነር ጥራልኝ።"

ክረምቱ እንደወጣ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ድምፅ በነፋስ እየመጣ ሳለ፣ ያለ ድንኳን ተሰበሰብን። ሐዲዱ አፋፍ ላይ፣ ከሽማግሌው ጎጆ ፊት ለፊት፣ ባለ ጋሪ ሁሉ የሚረግምበት ጉድጓድ ነበር። ስፋቱ የአንድ በር ሳንቃ ያህላል። እናቴ ቃጫውን ለሳምንት በመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አስጥታው ነበር። ጭብጥ እያነሳች ጆሮዋ ሥር ታሸዋለች። ምርጊት አዋቂዋም ያሻሉ። ተንኮሻኮሸ።

"ሻከረ" አሉ፤ ደስ እያላቸው ግን አልነበረም። ለሙያቸው ነውር ነበር።

ኢንጂነሩ በአሮጌ ብረት ምጣድ ጠጠሩን አጋለ፣ ቃጫውን በተነበት፣ አገላበጠ፣ ከዚያ ሬንጁን አፈሰሰ። አረፋ የለም፤ ጉርምርምታ የለም። ሽማግሌው ባንዲራቸውን ይዘው እንደ ዳኛ ቆመው፣ "ደግሞ እንዳይቆጣ" ይላሉ። አልተቆጣም። ጉድጓዱን ሞላነው፤ መዳመጫ ስላልነበረን አንድ የሲሚንቶ ቱቦ እየተፈራረቅን አንከባለልንበት። ጢም አላበቀለም።

በጋው መጣ። መንገዱ ሁሉ ሲያልበው ያቺ የበር ሳንቃ የምታህል ቦታ አላላባትም። ተሳቢው ሁሉ ረገጣት፤ ቦይ አልወጣባትም። ክረምቱ መጣ፤ አልተላጠችም። ኢንጂነሩ ሊቀመንበሩን ሊያሳየው ሄደ፤ ሊቀመንበሩ ግን መንገዱ ያልተበላሸ ስለሆነ ጉድጓድ እንዳልነበረው፣ ጉድጓድ ያልነበረው መንገድም ሊጠገን እንደማይችል በትሕትና አስረዳው። ብዙ ሳይቆይ ኢንጂነሩ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ሊሰናበት ሲመጣ እናቴ ጥሩ አድርጋ የፈተለችው የቃጫ ገመድ ሰጠችው። "ሻንጣህን እሰርበት" አለችው፤ "ውሃ እንዳታስነካው ታዲያ።"

ከዚያ ሊቀመንበሩም በሌላ ተተካ። አዲሱ፣ የቀድሞው የሠራው ነገር ሁሉ ስሕተት መሆኑን ማሳየት ነበረበት፤ ይህን ለማሳየት ደግሞ መንገዱን ማየት በቂ ነው። የቃጫ አስፋልት ከሽፏል ተባለ። መጋዘኑ ክበብ ይሁን ተባለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቢሮው ሄደች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ጊዜ ሐዲዱ ድረስ ይምጡልኝና ልዝጋው ካሉ ይዝጉት።"

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ መጣ። ሽማግሌው ሰንሰለቱን ዘርግተው መኪናውን ሁሉ አቆሙለት። እናቴ መሃል አስፋልት ላይ ቆማ በጣቷ ወደ እግሯ ሥር አመለከተች።

"ይኸው።"

አዲሱ ሊቀመንበር አጎነበሰ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። "ምኑን ነው የማየው?"

"ይሄን።"

"ምንም የለም እኮ እዚህ።"

"አዎ" አለች እናቴ። "ጉድጓድ ነበር።"

ሰውየው እንደገና አየ። ሜዳ አስፋልት ነው። ጢም የለውም፣ ቦይ የለውም፣ ሪባን አልተቆረጠበትም። ሽማግሌው "እኔ ምስክር ነኝ" አሉ፤ በሕይወታቸው ስለ አስፋልት ደግ ነገር የተናገሩት ያኔ ብቻ ነው። አዲሱ ሊቀመንበር ግን ቀና ብሎ ወደ ፋብሪካው በር ያለውን የተላጠ መንገድ አየና፣ "እትዬ፣ እዚያ የሚታይ ነገር አለ፤ እዚህ የሚታይ ነገር የለም" አላት። ባቡሩ ፉጨቱን አሰማ። ሽማግሌው ሁላችንንም ከሐዲዱ ላይ አባረሩን።

መጋዘኑ ተዘጋ። የውይይት ክበብ ሆነ፤ ወንበር እስኪገዛለት ተቆልፎ ቆየ። ሴቶቹ ጆንያዎቹን ተከፋፈሉ። ግማሾቹ ፋብሪካው በር ቆሎ መሸጥ ጀመሩ፣ አንዷ ሳሪስ ልጇ ጋ ገባች። ምርጊት አዋቂዋ የደረሳቸውን ቃጫ በደስታ ተሸክመው ወደ መንደራቸው ሄዱ። እናቴ የቤታችንን የሰነጠቀ ግድግዳ አፍርሳ አስመረገችው፤ ጭድ አልገዛንም፤ ያ ሁሉ የአንጓ ቃጫ ነበረና። በርሜል ሙሉ ውሃ አመላለስኩ። አቡክተን አሰነበትነው፤ በደንብ ከረፋ። ያ ግድግዳ ከዚያ በኋላ አልሰነጠቀም፤ ይህን ሊቀመንበር መጥቶ እንዲያይልን ግን አልጠራንም።

ሲደርቅ እንደ ልማዳችን ጋዜጣ ለጠፍንበት። እናቴ የዱቄት ሙጫ አበጅታ ለጥፋ ከጨረሰች በኋላ ከደጅ ገባሁና አንዱን ገጽ አወቅሁት። የመንገዱ ምረቃ ነበር፤ የድሮው ሊቀመንበር ሪባን ይቆርጣል፤ ከኋላው ጥቁር ጢስ ይታያል። ከሥሩ ስለ ግጥሙ አንድ መስመር ተጽፏል፤ ገጣሚው የተደራጀው ሰፊ ሕዝብ ነው ይላል። ግን ፎቶው ተዘቅዝቆ ነው የተለጠፈው፤ ሰውየው በአናቱ ቆሞ፣ ጢሱ ወደ ታች እየወረደ።

"እማዬ፣ ይሄ ተዘቅዝቋል" አልኳት።

"አይቻለሁ።"

"ልንቀለውና ላስተካክለው?"

በመዳፏ ዳሰስ አደረገችው።

"ተወው" አለች። "ደርቋል።"